የላስታ ደጋና የሞተር ብስክሌት ካርቡሬተር፤ ችግሩና መፍትሔው

የላስታ አገር ተራራውና ሸለቆው የተፈራረቀ በመሆኑ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ለመድረስ ቁልቁለት መውረድና ዳገት መውጣት የግድ ነው። ላሊበላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ በአካባቢው ከሁሉ ልቆ የሚታየው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይደርሳል። የአውሮፕላን ማረፊያው ያለበት ሹምሽሃ ደግሞ በ2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እንዲህ ባለው አገር በግብርና፣ በእንስሳት ጤናና በጤና ጥበቃ ሥራ የተሠማሩ ሠራተኞች መኪና ከማይደርስበት ቀበሌ የሚደርሱት በእግር፣ በበቅሎ ወይም በሞተር ብስክሌት ነው።

ሞተር ብስክሌቱ በመንገድ ላይ ሲቀር የሚጎዳው ነጂው ብቻ አይደለም። የሕፃናት ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። በበረዶ ሣጥን ተይዞ የተነሣው ክትባት በየገደሉ አፋፍ ላይ ሰዓቱ ካለፈበት ለምንም አይጠቅምም። የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ መከላከያ ክትባትም እንደዚሁ ቅዝቃዜ የሚፈልግ ነው። ሕፃናት ያዘሉ እናቶች ከጧት ጀምረው ሲጠብቁ ውለው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ፤ በቀጠሮ ቀን ከመስክ የተሰበሰበው የበግ መንጋም ሳይከተብ ይበተናል። በመሆኑም የአንድ ሞተር ብስክሌት ጤንነት የነጂው ብቻ ሳይሆን የቀበሌው ጉዳይ ጭምር ነው።

ሞተር ብስክሌት በዳገት ላይ አልሄድ ሲል፣ ሲያጨስ ወይም ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚጫነው በካርቡሬተሩ ላይ ነው። ካቻቢቴ ይወጣና ብሎኑ ወዲያና ወዲህ ይዞራል። ነገር ግን ጥፋቱ የካርቡሬተሩ ያልሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። በተለይም አንዳንድ ክፍሉ ተለውጦ በሚሠራ ሞተር ብስክሌት ላይ የደጋው አየር ራሱ ጥፋቱን ሸፍኖ የሚያቆይበት፣ ወደ ቆላ በተወረደ ጊዜ ደግሞ በአንድ ጊዜ ገልጦ የሚያወጣበት ሁኔታ አለ። ይህንን ማወቅ ገንዘብንም ሞተርንም ያድናል።

ካርቡሬተር ምን ይሠራል?

ቤንዚን በሞተር ውስጥ በደንብ የሚነደው ከአየር ጋር በልክ ሲቀላቀል ነው። ለ1 ኪሎ ግራም ቤንዚን 15 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልጋል። ይህንን ልክ የሚጠብቀው ካርቡሬተር ሲሆን አሠራሩም ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ሞተሩ የሚስበው አየር በካርቡሬተሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ግፊቱ ይቀንሳል። በዚህም ምክንያት ከታች የተጠራቀመው ቤንዚን በቀጭን ቀዳዳ ተስቦ ይወጣና እየተረጨ ከአየሩ ጋር ይቀላቀላል።

ቀዳዳዎቹ በትናንሽ የናስ ብሎኖች ላይ በልክ የተበሱ ናቸው። ጠጋኞች ጄት ይሏቸዋል። አንዱ ጄት ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው በሚኒሞ በሚዞርበት ጊዜ፣ ሌላው ደግሞ ጋዝ በሙሉ በሚሰጥበት ጊዜ ያገለግላል። በሁለቱ መካከል ያለውን የምትቆጣጠረው ጋዝ ሲሰጥ ከፍ፣ ሲለቀቅ ዝቅ የምትል ሾጣጣ መርፌ ነች። ከታች በቤንዚን ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ደግሞ ቤንዚኑ ልኩ ሲደርስ መግቢያውን ይዘጋል፤ ሲጎድል ይከፍታል።

ነገሩን ከአንጥረኛ ምድጃ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ወናፉ አየር ሲያሳንስበት ፍሙ ይጨሳል እንጂ ብረት አያግልም። ከሞተሩም ውስጥ ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ ሲያንስ ጭስና ጥቀርሻ ይበዛል፤ ኃይል ግን አይገኝም።

ደጋው የሚያመጣው ለውጥ

ወደ ላይ በተወጣ መጠን አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። በደጋ ባቄላና አተር ቶሎ የማይበስለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ በላሊበላ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና። በዚሁ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲወዳደር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። 3,500 ሜትር ላይ ሲደረስ ደግሞ የሳሳው ወደ 30 በመቶ ይጠጋል።

ይህም ሁለት ውጤት አለው። የመጀመሪያው ሞተሩ በአንድ ስበት የሚያገኘው አየር ስለሚቀንስ ኃይሉም በዚያው ልክ መቀነሱ ነው። ይህ የተፈጥሮ ነገር በመሆኑ ብሎን በማዞር የሚመለስ አይደለም። ሁለተኛው ደግሞ አየሩ በቀነሰበት ልክ ከጄቱ የሚወጣው ቤንዚን አለመቀነሱ ነው። ቤንዚኑ የሚቀንሰው በጥቂቱ ስለሆነ ለቆላ የተለካ ካርቡሬተር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን የበዛበት ድብልቅ ይሰጣል። ስለዚህ ሞተሩ ይንተባተባል፣ ያጨሳል፣ ካንዴላውም በጥቀርሻ ይሸፈናል።

አዲስ አበባ የምትገኝበት ከፍታ ከላሊበላ ብዙ የማይርቅ በመሆኑ በዚያ ተስተካክሎ የመጣ ሞተር ብስክሌት በላሊበላ ብዙ አይቸገርም። 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለው በቆቦ ሜዳ የተስተካከለ ግን 3,000 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወደ ጋሸና ሲወጣ የተለየ ጠባይ ማሳየቱ አይቀርም። በላስታና በአካባቢው ያለው ዋናው ችግርም አንድ ሞተር ብስክሌት በአንድ ቀን ውስጥ ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከቆላ ወደ ደጋ መመላለሱ ነው።

ክፍሉ የተለወጠ ሞተር ብስክሌት

ሞተር ብስክሌቶች በየጋራዡ የሚለወጡት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ዋናው መለዋወጫ ባለመገኘቱ ወይም በመወደዱ ሲሆን፣ ሁለተኛው በደጋ ላይ የቀነሰውን ኃይል ለመመለስ ነው። በላስታ መንገድ ከነጂው ሌላ ሰው፣ ጀሪካንና የእህል ጆንያ የሚጭን ሞተር ብስክሌት ኃይል አነሰው መባሉ የሚያስደንቅ አይደለም።

ከሚደረጉት ለውጦች ውስጥ በብዛት የሚታዩት አራት ናቸው። የመጀመሪያው የአየር ማጣሪያውን ማውጣት ወይም ሣጥኑን መብሳት ነው። ሁለተኛው የጭስ መውጫውን ማርሚታ መቁረጥ ወይም ውስጡን ባዶ ማድረግ ነው። ሦስተኛው ከሌላ ዓይነት ሞተር ብስክሌት የተነቀለ ወይም ተመሳስሎ የተሠራ ካርቡሬተር መግጠም ነው። አራተኛው የጄቱን ቀዳዳ በሽቦ ወይም በመብሻ ማስፋት ነው። የመጨረሻው ከሁሉ የከፋ ነው። በአንድ ጊዜ የሰፋ ቀዳዳ ተመልሶ አይጠብም፤ በላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥርም ከዚያ በኋላ እውነቱን አይናገርም።

ማጣሪያው የወጣለትና ማርሚታው የተቆረጠለት ሞተር አየር በብዛት ያገኛል፤ ስለዚህ ድብልቁ ቤንዚን ያነሰው ይሆናል። ደጋው ደግሞ በተቃራኒው ቤንዚን ያበዛል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍንና ሞተሩ በላሊበላ ዙሪያ ደህና ይሄዳል፤ ጠጋኙም ባለቤቱም ለውጡ ተሳካ ይላሉ።

ለምሳሌ ያህል እንዲህ የተለወጠ አንድ ሞተር ብስክሌት ዕቃ ለማምጣት በጋሸናና በወልድያ አድርጎ ወደ ቆቦ ወረደ እንበል። በቆቦ ያለው አየር ከላሊበላው በአንድ አሥረኛ ያህል የወፈረ ነው። ደጋው ይሸፍነው የነበረው ጉድለት ስለሚገለጥ ቤንዚኑ ለአየሩ አይበቃም። ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፤ ጋዝ ሲሰጠው ያመነታል፤ ወደ ኋላ በካርቡሬተሩ በኩል ይተኩሳል። በተለይ እንደ ያማሃ ዲቲ 125 ያለው፣ ማለስለሻ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚገባለት ባለ ሁለት ምት ሞተር ሲሆን አደጋው የከፋ ነው። ፒስተኑ ከሙቀት ብዛት ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቆ ሊነክስ ይችላል። ያን ጊዜ ጎማው በድንገት ስለሚቆም ነጂውን ሊጥለው ይችላል። ጥፋቱ የተሠራው በላሊበላ ሲሆን የታየው ግን በቆቦ ነው።

ማጣሪያ የሌለው ሞተር ሌላም ጉዳት አለበት። በበጋ ወራት ከላስታ መንገድ የሚነሣው አቧራ በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይገባና ፒስተኑንና ቀለበቶቹን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። ለጥቂት ኃይል ተብሎ የወጣ ማጣሪያ ሞተሩን በሙሉ ሊያስከፍል ይችላል ማለት ነው።

ምልክቶቹን መለየት

የሞተሩን ሁኔታ ከሁሉ በላይ የሚናገረው ካንዴላው ነው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ዳገት ላይ ጥቂት ከሠራ በኋላ ይጥፋና ካንዴላው ይፈታ። ጫፉ የገብስ ቆሎ ቀለም ካለው ድብልቁ ልክ ነው። ጥቁርና ደረቅ ጥቀርሻ ከያዘ ቤንዚን በዝቷል። ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ወይም የነጠብጣብ ብረት ከታየበት ቤንዚኑ አንሷል፤ ሞተሩም በአደጋ ላይ ነው።

ሌላው ቀላል ዘዴ ቾክ በሚባለው የአየር መዝጊያ መሞከር ነው። የሞቀ ሞተር ቾኩ ጥቂት ሲሳብለት ከተሻለው ቤንዚን አንሶታል ማለት ነው፤ ከባሰበት ግን ቤንዚኑ ቀድሞውኑ በዝቷል።

ችግሩ የሚታይበትም ጊዜ የት እንደሚገኝ ይጠቁማል። በሚኒሞ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ትንሹ ጄትና የማስተካከያው ብሎን ይመረመራሉ። ጋዝ እስከ ግማሽ ሲሰጥ የሚያስቸግር ከሆነ መርፌዋ፣ ጋዝ በሙሉ ሲሰጥ የሚያስቸግር ከሆነ ደግሞ ዋናው ጄት ይመረመራል።

ምርመራው በቅደም ተከተል

ጥሩ ጠጋኝ ከቀላሉ ጀምሮ ወደ ከባዱ ይሄዳል። በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል። ሁለት ነገር አብሮ የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመና የትኛው እንደጎዳ ሊያውቅ አይችልም።

አንደኛ፤ ቤንዚኑን መመርመር ነው። ማደያ በራቀበት አካባቢ ቤንዚን በሃይላንድና በጀሪካን ይሸጣል። ከዚህም ጥቂቱን በሚያሳይ የብርጭቆ ጠርሙስ ቀድቶ ማቆየት ነው። ውሃ ካለበት ከቤንዚኑ ስለሚከብድ ከታች ይዘቅጣል። ላምባ የተቀላቀለበት መሆኑን ለማወቅ ደግሞ አንድ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ማድረግ ይበቃል። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ሲጠፋ፣ ላምባ ያለበት የቅባት ምልክት ትቶ ይቆያል።

ሁለተኛ፤ የቤንዚን ጋኑን ክዳን ማየት ነው። በክዳኑ ላይ ቤንዚኑ ሲጎድል አየር የሚያስገባ ጥቃቅን ቀዳዳ አለ። በጭቃ ከተደፈነ፣ ወይም ክዳኑ ጠፍቶ በላስቲክ ከታሰረ፣ ሞተሩ ጥቂት መንገድ ሄዶ ይጠፋል። ክዳኑ ተከፍቶ ሲዘጋ እንደገና ይነሣል። ይህንን የካርቡሬተር ችግር ነው ብሎ ካርቡሬተር መፍታት በከንቱ መድከም ነው።

ሦስተኛ፤ የእሳቱን ብልጭታ ማረጋገጥ ነው። ካንዴላው ተጠርጎ፣ ክፍተቱ ተለክቶ፣ ካልሆነም በአዲስ ተለውጦ ይሞከራል። የደከመ ብልጭታ የሚያሳየው ምልክት ከካርቡሬተር ችግር ጋር በጣም ይመሳሰላል።

አራተኛ፤ የአየር ማጣሪያውን መመልከት ነው። በአቧራ የተደፈነ ማጣሪያ አየር ስለሚከለክል ቤንዚን የበዛ ያስመስላል። የስፖንጅ ማጣሪያ ከሆነ በሳሙናና በውሃ ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ ጥቂት ዘይት ተቀብቶ ተጨምቆ ይመለሳል። የወረቀት ማጣሪያ ግን አይታጠብም።

አምስተኛ፤ ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን የላስቲክ አንገት መፈተሽ ነው። ከሌላ ሞተር ብስክሌት የመጣ ካርቡሬተር ሲገጠም ይህ አንገት ብዙ ጊዜ በልክ አይገጥምም። በስንጥቁ የሚገባው አየር ያልተለካ ስለሆነ ሚኒሞው ከፍና ዝቅ ይላል፤ ጋዝ ሲለቀቅም ዙሩ ቶሎ አይወርድም። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ግሪስ በመቀባትና አስነሥቶ በማየት ይለያል። ዙሩ ከተረጋጋ አየር ይገባ የነበረው በዚያ ነው።

ስድስተኛ፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ካርቡሬተሩ ይፈታል። ሥራው በቀን ብርሃን፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይከናወናል። ከማጠራቀሚያው የተገኘው ውሃና ዝቃጭ ይጠረጋል። ጄቶቹ በቤንዚን ታጥበው በንፋስ ይነፋሉ፤ ሽቦ ግን አይገባባቸውም። በተንሳፋፊው ውስጥ ቤንዚን ገብቶ እንደሆነ አጠገብ ለጆሮ ነቅነቅ በማድረግ ይታወቃል። የመዝጊያዋ ጫፍ ተበልታ ከሆነ ቤንዚኑ ሞልቶ ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል። በባለ አራት ምት ሞተር ላይ ደግሞ ወደ ሞተሩ ዘይት ሊወርድ ስለሚችል ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን እንደሚሸት መመርመር ይገባል።

ሰባተኛና የመጨረሻው ማስተካከል ነው። የማስተካከያው ብሎን ከመነካቱ በፊት በቀስታ እስኪቆም ድረስ እየጠበቀ ስንት ዙር እንደነበረ ይቆጠርና ይጻፋል። ብሎኑ በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነ የሚቆጣጠረው አየርን ስለሆነ ሲጠብቅ ቤንዚን ይበዛል። በሞተሩ በኩል ከሆነ ግን ሲጠብቅ ቤንዚን ይቀንሳል። ይህንን አለመለየት ብዙ ሰው ያሳስታል። ዋናው ጄት ሲለወጥም በአንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ሆኖም ሚኩኒ እና ኬሂን የተባሉት የካርቡሬተር አምራቾች የሚጠቀሙበት የቁጥር አሰጣጥ የተለያየ በመሆኑ የአንዱን ቁጥር በሌላው መተካት አይቻልም።

ለየትኛው ከፍታ ይስተካከል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ጥንቃቄ ያለበት መሆን አለበት። ሁልጊዜ ከደጋ የማይወርድ ሞተር ብስክሌት ለደጋው ይለካል። ወደ ቆቦ ወይም ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚመላለስ ግን ጭኖ ለሚሠራበት ዝቅተኛ ቦታ መለካት ይገባዋል። በደጋ ላይ ጥቂት ቢያጨስና ኃይሉ ትንሽ ቢቀንስ የሚጠፋው ጥቂት ቤንዚን ነው። በቆላ ላይ ቤንዚን ቢያንሰው ግን የሚጠፋው ሞተሩ ነው።

አዳዲሶቹ ሞተር ብስክሌቶች

በኢትዮጵያ በብዛት ከሚታዩት የሕንድ ሞተር ብስክሌቶች ብዙዎቹ ባለ አራት ምትና ባለ ካርቡሬተር ናቸው። ሕንድ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2020 ጀምሮ በአገሯ ለሚሸጡት ጥብቅ የጭስ ደንብ ስላወጣች አብዛኞቹ ቤንዚንን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚረጩ ሆነዋል። እንዲህ ያሉት የአየሩን ሁኔታ እየለኩ ቤንዚኑን ራሳቸው ያስተካክላሉ። ስለዚህ የጄት መለወጥ አይመለከታቸውም፤ ንጹሕ ቤንዚንና ንጹሕ ማጣሪያ ግን ከካርቡሬተሩ የበለጠ ይፈልጋሉ።

የማኅበሩ መሪዎች ድርሻ

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ጠጋኝ እንዲሆኑ አይጠበቅም። ይሁን እንጂ በቀበሌያቸው የሚሠራ ሞተር ብስክሌት በየጊዜው እንዳይቆም ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ነገር አለ።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ደብተር ማዘጋጀት ነው። በደብተሩም የተደረገው ለውጥ፣ የጄቱ ቁጥር፣ የብሎኑ ዙር፣ ቀኑና የተሞከረበት ቦታ ይጻፋል። ነጂውና ጠጋኙ ቢለወጡ እንኳ ደብተሩ ይመሰክራል። የተነቀለው ዋና ካርቡሬተርና ጄትም አይጣልም፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል።

ቤንዚን ለብቻው በተለየ ንጹሕ ጀሪካን፣ እሳት ከሚነድበት ቤት ርቆ እንዲቀመጥና ሲቀዳ በጥሩ ጨርቅ እንዲጠለል ማድረግም ያስፈልጋል። አንድ ትርፍ ካንዴላ፣ አንድ ማጣሪያና ለካርቡሬተሩ የሚሆን ጓርኒሲዮን በቅርብ መኖራቸው የአንድ ቀን የክትባት ቀጠሮ ያድናል። ከቀበሌው ወጣቶች ውስጥ እጁ ለሥራ የፈጠነ አንዱ ከሠለጠነ ጠጋኝ ጋር ተቀምጦ ይህንን ቅደም ተከተል ቢማር፣ ለቀላሉ ችግር ሁሉ ላሊበላ ወይም ወልድያ ድረስ መመላለስ ይቀራል።

ሞተር ብስክሌቱ ይለወጥ የሚል ሐሳብ በቀረበ ጊዜ ደግሞ መሪዎች ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባቸዋል። የሚለወጠው ምንድን ነው? የጄቱ ቁጥር በፊት ስንት ነበር፣ አሁንስ ስንት ይሆናል? የሚሞከረው በደጋ ብቻ ነው ወይስ በቆላም ጭምር? ለእነዚህ ጥያቄዎች በቂ መልስ የሌለው ለውጥ ባይደረግ ይሻላል።

የላስታን ዳገት ዝቅ ማድረግ፣ የሳሳውንም አየር ማወፈር አይቻልም። ንጹሕ ቤንዚን፣ ንጹሕ ማጣሪያ፣ በልክ የተጻፈ ደብተርና በቅደም ተከተል የሚደረግ ምርመራ ግን በእያንዳንዱ ቀበሌ አቅም የሚፈጸሙ ናቸው። እነዚህ ከተሟሉ ክትባቱ ሳይሞቅ ከእናቶችና ከመንጋው ዘንድ በቀጠሮው ቀን ሊደርስ ይችላል።